የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ በየትኛው ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይጻፍ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ሰርቨር ለሚጠብቁ ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነው። አብዛኞቻችን ያለን አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር፣ በላዩ የሚሠሩ ጥቂት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር ተፈጥረው እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩ)፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) እና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። መልሶቹ ይህንን ታሳቢ ያደርጋሉ። በሺህ የሚቆጠር ሰርቨር ላለው ድርጅት የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው።

በአጭሩ ንገሩኝ፤ የትኛውን ቋንቋ ልምረጥ?

ሊነክስ ላይ ኬቪኤምን (ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬደውን የሊነክስ ክፍል) በሊብቨርት (ማሽኖቹ በሚታዘዙበት ላይብረሪ) የምታስተዳድሩ ከሆነ ፓይተን። መሣሪያውን ተሸክማችሁ ብዙ ቦታ የምትጭኑት ከሆነ፣ በተለይም ኢንተርኔት በሌለበት፣ ጎላንግ። መሥሪያ ቤታችሁ በሙሉ ዊንዶውስና ሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ከሆነ ፓወርሼል፣ የዊንዶውስ የትእዛዝ ቋንቋ። ከዐሥር መስመር ለማያልፍ ጉዳይ ባሽ፣ የሊነክስ የትእዛዝ ቋንቋ፣ ይበቃል።

ቋንቋ ስትመርጡ ከፍጥነትና ከዝና በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሥራው ሳይሳካ ሲቀር መሣሪያው ምን እንደተፈጠረ በግልጽ ይናገራል ወይ? እኔ ነገ ብዛወር ቦታዬን የሚረከበው ሰው ኮዱን ከፍቶ ይገባዋል ወይ? በዞናችን ባለሙያ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አዲስ አበባ መሄዱ የተለመደ ነው። ሰርቨሩና ስክሪፕቱ ግን እዚያው ይቀራሉ። ደራሲው ብቻ የሚያውቀው መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ደራሲው በሄደ ማግስት ማንም የማይነካው ይሆናል።

ፓይተን ቀርፋፋ ነው ይባላል። ለዚህ ሥራ አይከብድም?

አይከብድም። ምክንያቱን ለማየት ከታች ወደ ላይ እንውጣ። መጀመሪያ የሊነክስ ከርነል አካል የሆነው ኬቪኤም አለ፤ በ2007 ከከርነል 2.6.20 ጋር የገባ ሲሆን የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን አቅም የሚጠቀመው እሱ ነው። ከሱ በላይ ለማሽኑ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና ስክሪኑን አስመስሎ የሚያቀርበው ኪውኢሙ አለ። ይህን ፋብሪስ ቤላርድ በ2003 በሲ ጽፎ ያወጣው ነው። በዚያ ላይ ደግሞ በ2005 የተጀመረውና እንዲሁ በሲ የተጻፈው ሊብቨርት ተቀምጧል። የእናንተ ኮድ ከሁሉም በላይ ሆኖ ያዛል፤ ይህን አስነሣ፣ ያንን አጥፋ፣ የዚህን ዲስክ ቅጂ ውሰድ ይላል። አንድ መቶ ጊጋ ባይት ዲስክ ሲገለበጥ ጊዜ የሚወስደው ዲስኩ ነው። ትእዛዙ በፓይተን መተላለፉ የሚጨምረው ጊዜ አይታወቅም።

ፓይተን ትሬዶችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮችን) በአንድ ቁልፍ ስለሚቆጣጠር በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሠራው የሚለውም ወቀሳ እዚህ ብዙ አይጎዳም። የሊብቨርት የፓይተን ላይብረሪ የሊብቨርትን መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ ቁልፉን ለሌሎች ትሬዶች ይለቃል። ስለዚህ ዐሥር ማሽን በዐሥር ትሬድ ማዘዝ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አያስጠብቅም።

መቀርፈፍ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአጻጻፍ ነው። የማሽኖችን የሲፒዩና የሜሞሪ አጠቃቀም ለመሰብሰብ እያንዳንዱን ማሽን ለየብቻ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ የሚጠይቅ ኮድ በየትኛውም ቋንቋ ይጎተታል። ሊብቨርት የሁሉንም ማሽኖች መረጃ በአንድ ጥሪ የሚሰጥበት መንገድ አለው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ባሽ ስክሪፕት አይበቃም? እስካሁን በቪርሽ (በሊብቨርት የትእዛዝ መስመር መሣሪያ) እየሠራን ነው።

ለትንሽ ሥራ ይበቃል። አንድ ማሽን ማስነሣት፣ የሎግ ፋይል ማንቀሳቀስ፣ ሁለት ትእዛዝ ማከታተል በባሽ ቢሆን ነውር የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው የቪርሽን የጽሑፍ ውጤት እየቆረጣችሁ ውሳኔ ስትሰጡበት ነው።

በየቦታው የማየውን አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቪርሽ ያሉትን ማሽኖች ዘርዝር ሲባል ሦስት ዓምድ ያወጣል፤ ተራ መለያ፣ ስም፣ ሁኔታ። ብዙ ሰው ኦክ በተባለው የጽሑፍ መቁረጫ ትእዛዝ ሦስተኛውን ቃል ቆርጦ ሁኔታውን ያነብባል። የሚሠራ ማሽን ሁኔታው «ረኒንግ» የሚል አንድ ቃል ስለሆነ ሙከራው ላይ ሁሉም ያምራል። የጠፋ ማሽን ሁኔታ ግን «ሸት ኦፍ» ነው፣ ሁለት ቃል። ኦክ የሚመልሰው «ሸት» የሚለውን ብቻ ነው። በመጥፋት ላይ ያለ ማሽን ደግሞ «ኢን ሸትዳውን» ስለሚባል የሚመለሰው «ኢን» ብቻ ይሆናል። ስክሪፕቱ «ሸት ኦፍ»ን ከጠበቀ መቼም አያገኘውም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ አልጠፋም እያለ ይጠብቃል። የጠፋ ማሽን መለያም ቁጥር ሳይሆን ሰረዝ ነው፤ ቁጥር የጠበቀ ኮድ እዚያም ይደናቀፋል። የሰርቨሩ የቋንቋ ቅንብር ከእንግሊዝኛ ሌላ ከሆነ ቃላቱ ራሳቸው ሊቀየሩ ይችላሉ።

በባሽ መቆየት ከፈለጋችሁ ስም ብቻ የሚያወጣውን አማራጭና የአንድን ማሽን ሁኔታ ለብቻው የሚመልሰውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ የቋንቋ ቅንብሩንም በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ወስኑት። የእኔ ወሰን ግን ይህ ነው፤ ስክሪፕቱ ውስጥ «ካልሆነስ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ባሽን ትቼ ወደ ፓይተን እሄዳለሁ። በፓይተን ሁኔታው እንደ ቁጥር ይመጣል፣ ቃል መቁረጥ የለም፤ ስሕተት ሲፈጠርም ሊብቨርት ኤረር የሚባለው ኤክሴፕሽን (የስሕተት ማስታወቂያ) ከነምክንያቱ ይነሣል።

በነገራችን ላይ በፓይተን ስትጀምሩ አንድ ነገር ግር ሊላችሁ ይችላል። ስሕተቱን በኮድ ይዛችሁት እንኳ መልእክቱ ስክሪን ላይ ይታተማል። ኮዳችሁ አልተበላሸም፤ ከታች ያለው የሲ ላይብረሪ በራሱ ነው የሚያትመው። የራሳችሁን የስሕተት ተቀባይ ስታስመዘግቡ ይቆማል።

መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን በሥርዓት የሚያጠፋ መሣሪያ መጻፍ እፈልጋለሁ። የትኛው ቋንቋ ይሻላል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ዳታቤዝ እየጻፈ ሳለ መብራት ከተቋረጠበት ሰርቨር የበለጠ የሚያሳስበኝ ነገር የለም። የሆስፒታል የካርድ ክፍል፣ የብድርና ቁጠባ ሒሳብ፣ የተማሪ ውጤት ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከቋንቋው በፊት ሥራውን እንየው። ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ይይዛል እንበል። መብራት እንደጠፋ ወዲያው ማጥፋት አያስፈልግም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሊመለስ ወይም ጄኔሬተሩ ሊነሣ ይችላል። ካልተመለሰ መጀመሪያ አፕሊኬሽኑ ያለበት ማሽን ይጥፋ፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ በመጨረሻ ራሱ ሰርቨሩ። አደጋው ያለው በመካከል ነው። ለሊብቨርት «ይህን ማሽን አጥፋ» ስትሉት ጥያቄውን ለማሽኑ አድርሶ ወዲያው ይመለሳል። ትእዛዙ ተሳካ ማለት ጥያቄው ደረሰ ማለት እንጂ ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለም። ውስጥ ያለው ሲስተም ሰምቶ ፋይሎቹን ዘግቶ እስኪጠፋ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ጭራሽ ላይሰማም ይችላል፤ ለምሳሌ ዊንዶውሱ ማሻሻያ እየጫነ ከሆነ።

ስለዚህ መሣሪያችሁ መጠበቅን ማወቅ አለበት። ጥያቄውን ይልካል፣ በየጥቂት ሴኮንዱ ሁኔታውን ያያል፣ የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ በግድ ያጠፋል፣ ያደረገውን ከነሰዓቱ ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ቋንቋው የሚለየው እዚህ ነው። በባሽ ይህ የተወሳሰበ ዙር ይሆናል፤ አንድ ትእዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱ ቀጥሎ ይሂድ ወይስ ይቁም የሚለውን መቆጣጠርም አስቸጋሪ ነው። በፓይተን ማንኛውም ሰው ሊያነብበው በሚችል ሠላሳ ያህል መስመር ያልቃል። ጎላንግ ለጊዜ ገደብ የተሠራ ነገር አለው፤ ኮንቴክስት ይባላል፤ «ይህ ሥራ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ተወው» ማለት በቋንቋው ልማድ ውስጥ ያለ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ለአንድ ሰርቨር እኔ ፓይተንን እመርጣለሁ።

ሳትጽፉ በፊት ግን ያለውን እዩ። ከሊብቨርት ጋር አብሮ የሚመጣ ሊብቨርት-ጌስትስ የሚባል አገልግሎት አለ። ሰርቨሩ ሲጠፋ ማሽኖቹን እንዲያጠፋ፣ እስከ ስንት ሴኮንድ እንዲጠብቅና ስንቱን አንድ ላይ እንዲያጠፋ ይዋቀራል። ዩፒኤሱን የሚከታተል ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌርም አለ፤ ባትሪው ሲዳከም የፈለጋችሁትን ትእዛዝ ያስነሣል። ፕሮክስሞክስ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የማሽኖቹን የመነሣትና የመጥፋት ቅደም ተከተል ከቅንብሩ ላይ መወሰን ትችላላችሁ። የእናንተ ኮድ የሚያስፈልገው እነዚህ በማይሸፍኑት ቦታ ብቻ ነው። ያም በቀን፣ ሰው ሥራ ላይ በሌለበት ሰዓት፣ የዩፒኤሱ ሶኬት ተነቅሎ መሞከር አለበት። ያልተሞከረ የማጥፊያ ስክሪፕት ላይ የሰው ዳታ አትጣሉ።

ጎላንግን መቼ ነው የምመርጠው?

መሣሪያው ከአንድ ቦታ በላይ ሲጫን። ጎላንግ በ2009 ይፋ ሆኖ በ2012 የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት ወጣ። ትልቁ ጥቅሙ ፕሮግራሙ ተጠናቅሮ (ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ) አንድ ፋይል መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አጠናቅራችሁ በፍላሽ ይዛችሁ መሐል ሜዳ ብትሄዱ እዚያ ያለው ሰርቨር ላይ ገልብጣችሁ ማስነሣት ነው። የፓይተን ስሪት ገጠመ አልገጠመ፣ ላይብረሪ ጎደለ የሚል ነገር የለም። ዊንዶውስ ላይ ተቀምጣችሁ ለሊነክስ ማጠናቀርም ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከፊቱ ይታወቅ። የሊብቨርት ፕሮጀክት ራሱ የሚያወጣው የጎላንግ ላይብረሪ የሲውን ላይብረሪ የሚጠራ ነው። እሱን ስትጠቀሙ ያ «አንድ ፋይል» የሚባለው ጥቅም ይቀንሳል፤ የሲ ላይብረሪው በምትጭኑበት ሰርቨር ላይ መኖር አለበት፣ ማጠናቀሩም ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ቀላል አይሆንም። ዲጂታል ኦሽን ያወጣው ሌላ ላይብረሪ በንጹሕ ጎላንግ የተጻፈ ሆኖ ከሊብቨርት አገልግሎት ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ለእኛ ሁኔታ ሁለተኛው ይስማማል።

ፓይተንን ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት እጭናለሁ?

ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ በፒፕ (በፓይተን የላይብረሪ መጫኛ) አትጀምሩ። ፒፕ የሊብቨርትን ላይብረሪ እዚያው ሊያጠናቅረው ስለሚሞክር የሲ ኮምፓይለርና የሊብቨርት የልማት ፋይሎች ይፈልጋል፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያቆሙት እዚህ ነው። የኡቡንቱን የራሱን የፓይተን-3 ሊብቨርት ፓኬጅ በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) ጫኑ፤ ከሰርቨሩ ሊብቨርት ጋር የተስማማ ሆኖ ይመጣል። ለሌሎች ላይብረሪዎች፣ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በፒፕ አውርዳችሁ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል፤ ያወረዳችሁበት ኮምፒውተር የፓይተን ስሪት ከሰርቨሩ ጋር አንድ ይሁን።

ረስትስ? ሲስ?

ማሽን ለማስተዳደር ከሆነ አያስፈልጓችሁም። ማሽኑን ራሱን የሚያስመስለውን ክፍል ለመጻፍ ከሆነ ረስት ቁም ነገር አለው።

ነገሩን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። በ2015 ቬነም የተባለ ቀዳዳ በኪውኢሙ ውስጥ ተገኘ። ቀዳዳው የነበረው ፍሎፒ ዲስክ በሚያስመስለው ኮድ ላይ ነው። ያኔ ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው ባይኖርም ኮዱ ግን ነበር። በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለ ክፉ ሰው ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ በመጻፍ ወደ ዋናው ሰርቨር ሊወጣ ይችል ነበር። ሲ ይህን ዓይነት ስሕተት አይከለክልም፤ ረስት ግን ወይ ሲጠናቀር ይይዘዋል፣ ወይም ሲሠራ ያቆመዋል። አማዞን በ2018 ያወጣው ፋየርክራከርም፣ ክላውድ ሃይፐርቫይዘር የሚባለውም በረስት የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ባክአፕ የሚወስድ መሣሪያ ለመጻፍ ግን ይህን ሁሉ መሸከም አያሻም።

ጃቫ ብቻ ነው የተማርኩት። እንደገና ልጀምር?

ሊብቨርት የጃቫ ላይብረሪ አለው፤ ኦቨርት የሚባለው ትልቅ ማስተዳደሪያም ዋናው ሞተሩ በጃቫ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ይቻላል። ግን ጃቫ የሚችል ሰው ፓይተንን ለዚህ ሥራ በሚበቃ ደረጃ ለመያዝ ብዙ አይቸገርም፤ የምታገኙት ምሳሌና መልስ በብዛት በፓይተን ስለሆነ ድካማችሁን ይመልሳል።

ትልልቆቹ መሣሪያዎች በምን ተጻፉ?

አንድ ቋንቋ ላይ አልተስማሙም። ቨርት-ማኔጀርና ኦፕንስታክ በፓይተን፣ የፕሮክስሞክስ ዋናው ክፍል በፐርል፣ ዜን የተባለው ሌላ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ አስተዳዳሪ የሆነው ዛፒ በኦካምል፣ ቫግራንት በሩቢ፣ ኢንከስና ኩብቨርት በጎላንግ ናቸው። ሁሉም ለዓመታት ሠርተዋል። ቫግራንትን በሩቢ የጀመረው ሚቸል ሃሺሞቶ በ2014 ለወጣው ቴራፎርም ወደ ጎላንግ መሄዱን ግን ልብ በሉ፤ ተጠቃሚው የሩቢ ስሪት ሳያስጨንቀው አንድ ፋይል አውርዶ እንዲሠራ ማድረግ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ፕሮክስሞክስ፣ ቪኤምዌር ወይም ሃይፐር-ቪ ላይ ነን። መልሱ ይለወጣል?

ፕሮክስሞክስ በድር የሚጠራ ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም የሚያዝበት በር) አለው፤ በፖርት 8006 በጄሰን (የመረጃ አጻጻፍ ቅርጽ) ይመልሳል። ድረ ገጽ መጥራት የሚችል ማንኛውም ቋንቋ ይሆናል፤ ለፓይተን ፕሮክስሞክሰር የሚባል ጥሩ ላይብረሪ አለ። የሩትን (የዋናውን አስተዳዳሪ) የይለፍ ቃል ኮድ ውስጥ አትጻፉ፤ ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ ፈቃድ ያለው ቶክን (በይለፍ ቃል ምትክ የሚሰጥ የመግቢያ ኮድ) አውጡ። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት አልታወቀም ሲላችሁም ማረጋገጫውን ከመዝጋት ይልቅ ሰርተፍኬቱን ወስዳችሁ አሳውቁት።

ለቪኤምዌር በፓይተን ፓይቪሞሚ፣ በጎላንግ ገቭሞሚ፣ በፓወርሼል ፓወርሲኤልአይ አሉ። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 በፈረንጆች ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚሠራው ፈቃድ መሸጡ ቆሟል፤ በዓመት የሚከፈል ሆኗል። ብዙ ድርጅት ወደ ሌላ እየተሻገረ ነው። ዛሬ የምትጽፉት መሣሪያ ነገ ሌላ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ፣ ማሽን ማስነሣት፣ ማጥፋትና ቅጂ መውሰድ የሚባሉትን በአንድ ፋይል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የቀረው ኮድ ሃይፐርቫይዘሩ ምን እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል።

ሃይፐር-ቪ ላይ ፓወርሼል። ሌላ አትፈልጉ። ውጤቱ እንደ ባሽ ጽሑፍ ሳይሆን ኦብጀክት ስለሆነ ያ ሁሉ የቃል መቁረጥ ችግር የለበትም።

የባክአፕና የስናፕሾት (የማሽን ቅጽበታዊ ቅጂ) ቀን በእኛ አቆጣጠር ይሁን ብለው አለቆቼ ጠይቀዋል። ቋንቋው ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ሰዎች ዓመት፣ ወርና ቀኑን በእኛ ቁጥር እንዳለ ለቋንቋው የቀን ተግባር ይሰጡታል። ጳጉሜን 3 ቀን ላይ ምን እንደሚሆን እዩ። ፓይተን 13ኛ ወር የሚባል አላውቅም ብሎ ስሕተት ያነሣል፤ ሥራው ይቆማል፣ ሰው ያያል። ጎላንግ ግን ዝም ብሎ 13ኛውን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር ያሻግረዋል። ስሕተት የለም፣ መልእክት የለም፤ የጳጉሜን 3 ቅጂ የተከታዩ ዓመት የመስከረም 3 ቅጂ ሆኖ ይመዘገባል። በ2ኛው ወር በጥቅምት 30 ቀንም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጆቹ 2ኛ ወር 30 ቀን ስለሌለ ፓይተን ይቃወማል፣ ጎላንግ ወደ 3ኛው ወር ያልፈዋል። አሮጌ ቅጂ የሚሰርዝ ስክሪፕት እንዲህ ባለ ቀን ላይ ከተመሠረተ የማይሰረዘውን ሊሰርዝ ይችላል።

መፍትሔው በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። ውስጥ ውስጡን ቀኑን በፈረንጆች፣ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ መለኪያ ያዙ፤ ቅደም ተከተሉና ስሌቱ በዚያ ይሁን። ለአለቃ የሚታየው ሪፖርት ላይ ብቻ ወደ እኛ ለውጡት። ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሣው ክሮን ላይ ሰዓት ስታስገቡም ሌሊት 8 ሰዓት ማለት 02፡00 መሆኑን አስታውሱ፤ 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ባክአፑ የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ሲጀምር ነው።

ለማሽኖቹና ለኮዱ የአማርኛ ስም መስጠት እችላለሁ?

ሰው በሚያነብበው ቦታ ሁሉ፣ አዎ፣ ስጡ። ሊብቨርት ለእያንዳንዱ ማሽን ከስሙ ሌላ ርእስና መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ስሙን አጭር፣ ክፍት ቦታ የሌለውና በላቲን ፊደል አድርጉት፤ ርእሱ ላይ «የሰው ሀብት ዳታቤዝ፣ ሳይነገር አይጠፋ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ተረካቢው ባለሙያ ያመሰግናችኋል።

ኮድ ውስጥ ፓይተን 3 በግእዝ ፊደል የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ይቀበላል። ጎላንግም ይቀበላል፤ ነገር ግን በጎላንግ ከአንድ ፓኬጅ ውጭ የሚታይ ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ስለዚህ በግእዝ የተጻፈ ስም ከፓኬጁ ውጭ ሊታይ አይችልም። ለስሞች ላቲን ተጠቅማችሁ ማብራሪያውን በአማርኛ ብትጽፉ ይበጃል። የአማርኛ ማብራሪያ መጻፍን ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ሌሊት ችግር ሲፈጠር ኮዱን የሚከፍተው ሰው ነገሩን ቶሎ የሚረዳው በሚያስብበት ቋንቋ ነው።

ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ሜሞሪ ነው ያለው፣ ቨርቹዋል ማሽን አይሸከምም። እንዴት ልለማመድ?

ሊብቨርት ውስጥ ቴስት የሚባል ድራይቨር አለ። እውነተኛ ማሽን የለውም፤ በሜሞሪ ውስጥ ብቻ ያለ የማስመሰያ ሰርቨር ነው፤ ስትገናኙት «ቴስት» የሚባል አንድ ማሽን ተነሥቶ ታገኛላችሁ። ማጥፋት፣ ማስነሣት፣ አዲስ መጨመር፣ ሁኔታውን መጠየቅ ሁሉ በእሱ ላይ ይቻላል፤ ምንም የሚበላሽ ነገር የለም። የፓይተን ኮዳችሁን በእሱ ላይ ጽፋችሁ ስትጨርሱ የግንኙነት አድራሻውን አንድ መስመር ቀይራችሁ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ባለ እውነተኛ ሰርቨር ላይ ትሞክሩታላችሁ። መሣሪያ የለኝም ብሎ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ይህን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

እውነተኛ ማሽን ለማስነሣት ስትደርሱ ፕሮሰሰሩ ቪቲ-ኤክስ ወይም ኤኤምዲ-ቪ (የኢንቴልና የኤኤምዲ የቨርቹዋላይዜሽን አቅም) እንዳለው እዩ፤ ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው ቅንብር) ላይ ተዘግቶ ይገኛል።

በባሽ የተጻፈ አሮጌ መሣሪያ ተረክቤያለሁ። ልጣለውና እንደገና ልጻፈው?

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሁን። መጀመሪያ የሚሠራውን በአማርኛ ጻፉት፤ የትኛው ማሽን ላይ፣ መቼ፣ ምን ያደርጋል። ቀጥሎ የሚሰርዝና የሚያጠፋ ክፍሉን ብቻ ወደ ፓይተን አምጡ፤ ዳታ የሚጠፋው በዚያ በኩል ስለሆነ። አዲሱ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ምንም ሳያደርግ «ይህን ልሰርዝ ነበር፣ ያንን ላጠፋ ነበር» እያለ ብቻ ይመዝግብ፤ እናንተም ከአሮጌው ሥራ ጋር አስተያዩት። ሲስማሙ ሥራውን አስረክቡት። የማንበብና ሪፖርት የማውጣት ክፍሉ በባሽ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም።

ኮዱን በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ያዙት፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ጊት በሰርቨሩ ላይ ብቻውን ይሠራል። ቅጂውን ደግሞ መሣሪያው ከሚያስተዳድረው ሰርቨር ውጭ፣ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በውጫዊ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሰርቨሩ የወደቀ ቀን ማስነሻ ስክሪፕቱ አብሮት መውደቅ የለበትም።